የአባቴ ሱሪ የውስጥ ስፌት

ጥቅምት 6

ለተከበሩ አጎቴ፣

ይህች ወረቀት ስትደርስዎ መቀሱ በእጅዎ፣ ጤናው በገላዎ፣ ደንበኛው በደጅዎ ሆኖ ታግኝዎ። እኔ ከሰው አገር ብርድ በቀር ደህና ነኝ።

ስልክ ብደውል እንደሚዘጉብኝ ስለማውቅ ነው በወረቀት የመጣሁት። ባለፈው «የምትጮህ ልጅ አላነጋግርም፤ ነገር ካለሽ ጻፊው፣ ሰው ሲጽፍ ያስባል» ብለውኝ ነበር። ይኸው አስቤ ጻፍኩ።

መጀመሪያ የምሥራቹ። የምግብና የጤና ትምህርቴን ጨርሼ ተመርቄያለሁ። አሁን አንድ ትልቅ ሆስፒታል ወጥ ቤት ተቀጥሬ ለበሽተኞች የሚሄደውን ትሪ በር ላይ ቆሜ አያለሁ፤ ስኳር ላለበት ጣፋጭ እንዳይሄድ፣ ጨው ለተከለከለ ጨው እንዳይሄድ። በቀን አራት መቶ ትሪ። ይህ መንደርደሪያዬ እንጂ ማረፊያዬ አይደለም። አባቶች የልጆቻቸውን አበላልና እንቅስቃሴ እንዴት እንደሚቀርጹ አንድ ጥናት ላቀርብ ነው። መምህሬ ሐሳቡን ወድደውት እስከ ሰኔ መጀመሪያ እንዳስገባ ቀን ቆርጠውልኛል። ከተቀበሉኝ ከትሪው በር ተገላገልኩ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። አክስቴ የልጃችሁን የድንቡሼን ፎቶ ልካልኝ አየሁት። በዐሥራ ሁለተኛ ዓመት ልደቷ ጎንበስ ብላ ኬክ ስትቆርጥ የአንገቷ ጀርባ ይታያል። ጠቁሯል፤ እንደ ከፋይ ጨርቅ ወፈር ብሏል። እርስዎ ጨርቅ ያውቃሉ፤ እኔ ደግሞ ያንን ጥቁረት አውቀዋለሁ። አባዬ አንገት ላይ ነበር። አውቶቡሱን ሲነዳ ከሾፌር ወንበሩ ኋላ ተቀምጬ ስንት ዓመት አይቼው ፀሐይ ያጠቆረው ይመስለኝ ነበር። ስኳር በሽታ ከመምጣቱ በፊት የሚልከው መልእክተኛ ነው። አክስቴ ደግሞ ፎቶው ጀርባ ላይ «ይቺ ልጅ ውኃ አልጠግብ ብላለች» ብላ እንደ ቀልድ ጽፋበታለች።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። አንደኛ፣ ድንቡሼን ጤና ጣቢያ ወስደው ደሟን ያስመርምሩ፤ ከአንድ ጠዋት በላይ አይወስድም። ሁለተኛ፣ የደንበኞችዎን ልክ ከሚጽፉበት ትልቁ ደብተር የአባዬን ገጽ ገልብጠው ይላኩልኝ። የሃያ ዓመት የወገብ ልክ ያለው ሰው ለጥናቴ ወርቅ ነው።

አንድ ሰው ከቤታችን በዚህ በሽታ ሄዷል። ይበቃናል።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 11

ለተማረችው የወንድሜ ልጅ፣

ፈጣሪ እውቀትሽን ከምላስሽ ጋር ያስታርቅልሽ። እኛ ደህና ነን። አንቺ በፎቶ ስላየሽን የታመምን መስሎን ደነገጥን እንጂ ደህና ነን።

ደብዳቤሽን ለአክስትሽ አነበብኩላት። የአንገቱን ነገር ስትሰማ ልጅቷን ጎትታ መታጠቢያ ቤት አስገባቻትና በእግር መፋቂያ ፈተገቻት። ድንቡሼ «እማዬ ቆዳዬ እኮ ነው!» እያለች ጮኸች። አለቀቀም። ሦስት ቀን አንገቷ ቀልቶ ሰነበተና ተመልሶ ያው ሆነ። ይኼ ነው እንግዲህ የምሥራችሽ ያመጣልን።

ልጄ ጤነኛ ናት። ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ትተኛለች። ውኃ የጠጣ ሰው ሁሉ በሽተኛ ከሆነ ያንቺ ሆስፒታል አይበቃንም። ጤና ጣቢያም ወስጄ በሰው ፊት ሚዛን ላይ አላቆማትም። በልጅ ሆድ ላይ ዳኛ ሲሰየም እኔ አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ያየሁት ይበቃኛል።

ደብተሩን በተመለከተ፦ በዚህ ሱቅ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ዳኛ ለክቻለሁ፣ ሌባ ለክቻለሁ፣ በአንድ ሳምንት ሙሽራውንም የሙሽራዋን የድሮ እጮኛም ለክቻለሁ። የማንንም ወገብ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የሞተ ደንበኛ ደግሞ ይብሳል፤ ቆሞ «ተው» አይልም። አባትሽን በወረቀት ሰፍተሽ ለመምህርሽ ልታስለኪው ከሆነ ሌላ ልብስ ሰፊ ፈልጊ።

ይልቅ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባትሽ ለምርቃትሽ ብሎ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ጨርቅ ገዝቶ አስቀምጦብኝ ነበር። «ስትጨርስ ኮትና ጉርድ ትሰፋላታለህ» ብሎኛል። ለቀብሩ ባትመጪም፣ ፈተና ነበረብሽ ብለናል፣ እኔ ቃሌን አልበላም። ልክሽን ላኪ። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የትከሻ ስፋት፣ የጉርዱ ቁመት።

አጎትሽ፣ ልብስ ሰፊው


ኅዳር 29

ለአጎቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ የድንቡሼ አንገት ከመፋቂያ ይዳን።

ልኬ፦ ደረት 88፣ ወገብ 70፣ ዳሌ 95፣ ትከሻ 39፣ የጉርድ ቁመት 62። ስለ ጨርቁ አመሰግናለሁ።

ስለ ቀብሩ የወረወሯትን ቃል አንስቻታለሁ። አልመልሳትም። በምትኩ እርስዎ ረስተውት ከሆነ እኔ ያልረሳሁትን ልንገርዎ።

ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባዬ ሱሪውን ሊያስተኩስ ሱቅዎ ገባ። ከመጋረጃው ጀርባ በአንሶላ ተጠቅልሎ ተቀመጠ፤ ለስላሳውን በአንድ እጁ፣ ብስኩቱን በአንድ እጁ ይዞ። እኔ ከእርስዎ ጋር መጋረጃው ውጪ ነበርኩ። ካውያውን ወደ ጎን ገፉት። ምላጩን አነሱ። የሱሪውን የኋላ ስፌት ተርትረው ከውስጥ የተረፈውን ጨርቅ አንድ ጣት ያህል ለቀቁና በማሽኑ እንደገና ሰፉት። ከዚያ ተኩሰው፣ አጥፈው፣ በመጋረጃው ሥር አቀበሉት። «ጨርሻለሁ! ካውያ ብቻ ነው፣ የወንድም አገልግሎት» አሉ። ወደኔ ዞረውም ዓይንዎን ጠቀሱኝ።

አባዬ ለብሶ ወጣና ሆዱን መታ መታ አደረገ። «አየሽ ልጄ፣ ከሠርጌ ጀምሮ ወገቤ አልተነቃነቀም» አለኝ። እኔም ሳቅኩ። በዐሥራ አንድ ዓመቴ ተባባሪ አደረጉኝ።

ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ተኮሱለት? ጤና ጣቢያ ነርሷ «ክብደት ይቀንሱ» ስትለው «ሱሪዬን እዪ፣ የሃያ ዓመት ሱሪ ነው» ሲላት አጠገቡ ቆሜ ነበር። ማስረጃው እርስዎ የሰፉለት ሱሪ ነበር።

ጥፋቱን ሁሉ በእርስዎ ላይ አልከምርም፤ አባዬም የራሱ አለው። ትምህርት ቤቴ ከቤታችን ሁለት ፌርማታ ነበር። አንድም ቀን በእግሬ አልሄድኩም፤ በአውቶቡሱ ይወስደኛል፣ በአውቶቡሱ ይመልሰኛል። ከመሪው አጠገብ ያለችው ሳጥን ሁልጊዜ ብስኩት አላት። «ብዪ፣ እናትሽ ሳታይ» ይለኛል። እሱም ይበላል። እኔ አባቴን ቆሞ ሲሄድ አላስታውሰውም። ሳስበው ከወገቡ በታች ወንበር ነው።

በጥናቴ የማነሣው ይህንን ነው፤ ልጅ የአባቱን ምክር አይሰማም፣ የአባቱን ሳህንና እግር ነው የሚያየው። ድንቡሼስ የማንን እግር እያየች ነው? እርስዎ ከማሽኑ ተነሥተው ወዴት ይሄዳሉ? የዩኒፎርሟን ጉርድስ ዘንድሮ ስንት ጊዜ «ተኮሱላት»?

ያስመርምሯት። ደብተሩንም ይላኩ።

የወንድምዎ ልጅ


ጥር 21

ለእመቤት ተመራቂ፣

እርስዎ ልበልዎት እንጂ፤ የኛ «አንቺ» ለእንደርስዎ ያለ ሰው አይመጥንም። ፈጣሪ ከፍ ከፍ ያድርግዎት፤ ከዚያ ከፍታ ወርደው እኛን ከመምከር ይጠብቅዎት።

ሁለት ወር ሙሉ ብዕር ያላነሣሁት መልስ አጥቼ አይደለም። የምጽፈው ሁሉ ስድብ ሆኖብኝ ስቀድ ነበር። አሁንም ስድብ ነው፤ ግን ደክሞኛልና ልላከው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። አባትሽ በሕይወት ሳለ ያቺን ዓይን መጥቀስ ለምን አልነገርሽውም? ዐሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር፤ ከዚያ ዐሥራ አምስት ሆነሽ፣ ሃያም ሞላሽ። ምላስ አልነበረሽም? ዛሬ ዲግሪ ስትይዢ ነው ጥርስ ያበቀልሽው።

ወደ ልክሽ ልምጣ። ወገብ ሰባ! ልጄ፣ እኔ ሰው በር ላይ ቆሞ «ደህና ዋልክ» ሲለኝ ወገቡን አውቃለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ የምትልኪው ፎቶ ሁሉ ከአንገት በላይ ነው። ጉንጭሽን አይቻለሁ፤ ያ ጉንጭ ሰባ ወገብ ላይ አይቀመጥም። የላክሽልኝ ከመሄድሽ በፊት እኔው ራሴ የለካሁሽን ነው፤ ደብተሬ ላይ አለ፣ ቁጥር በቁጥር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ! ጨርቁን አልቆርጠውም። ለሌለች ሴት ልብስ አልሰፋም።

አሁን ደግሞ አንቺ የማታውቂውን ልንገርሽ፤ አባትሽ ስላልነገረሽ።

አያትሽ የጦር ሰው ነበር። ጡረታ ወጥቶም ቤቱን እንደ ጦር ሰፈር ያዝዝ ነበር። ከሰልፍ ያስቀረው አንድ ገመድ ነበረው። ቋጠሮ አለበት። ማታ ማታ ከእራት በፊት እኔንና አባትሽን ግድግዳ አስደግፎ ገመዱን በሆዳችን ዙሪያ ያዞራል። ጫፉ ቋጠሮው ላይ ከደረሰ ቁጭ ብለህ ብላ። ካልደረሰ ውጣና ግቢውን ሠላሳ ዙር ሩጥ፣ ከዚያ ወደ መኝታ። እኔ ቀጫጫ ነበርኩ፤ ሁልጊዜ እበላለሁ። አባትሽ አጥንቱ ሰፊ ነበር። ከመስኮቱ ማዶ ሲሮጥ እያየሁት እበላለሁ።

አንድ ቀን፣ ስምንት ዓመቴ ይሆናል፣ አያትሽ ሲተኛ ገመዱን ከሚስማሩ አውርጄ ቋጠሮውን ፈታሁና ሁለት ጣት አሳልፌ ቋጠርኩት። በማግሥቱ አባትሽ በላ። አያትሽ «አየህ፣ ሩጫ ሠራ!» ብሎ ጀርባውን መታው። አባትሽ ዳቦውን እያኘከ ወደኔ አየ። ምንም አላልንም። እስከ ሞቱ ምንም አላልንም።

እንግዲህ ስፌት የጀመርኩት ያኔ ነው፣ በጨርቅ ሳይሆን በገመድ። አባትሽም ማለ፤ «ልጅ ብወልድ አላስርባትም፣ አላስሮጣትም» አለ። አንቺ በአውቶቡስ የሄድሽው ለዚያ ነው። ብስኩቱም ለዚያ ነው። ጻፊው እንግዲህ ለመምህርሽ።

ድንቡሼን ማንም ገመድ አይጠመጥምባትም። አለቀ።

አጎትሽ


የካቲት 12

ለአጎቴ፣

ለእርስዎም ለቤትዎም ሰላም።

የገመዱን ነገር አላውቅም ነበር። ሳነበው ከትሪዎቹ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ሠላሳ ትሪ ሳላይ አለፈኝ። አባዬ ለምን ሮጦ እንደማያውቅ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሰነፍ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር።

ግን አጎቴ፣ ገመዱ አልተጣለም። አያቴ አጠበቁት፣ እርስዎ ለቀቅ አደረጉት፣ አባዬም ከሱ ሸሽቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሦስታችሁም አንድ ገመድ ነው የያዛችሁት። ድንቡሼን ከገመድ አዳንኳት ሲሉ ቋጠሮውን ብቻ ነው ያሳለፉት። ልጅቷ እያደገች ያለችው እርስዎ እውነተኛ ልኳን ሳይነግሯት ነው።

መርዳትና መሸፈን አንድ አይደሉም። ለስምንት ዓመት ልጅ አንድ ነበሩ። ለሃምሳ ሦስት ዓመት ልብስ ሰፊ አንድ አይደሉም።

ልኬን በተመለከተ የጻፉትን አንብቤያለሁ። ርዕሱ እሱ አይደለም።

ርዕሱ ይኸው። ከመሄዴ በፊት አባዬን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት አውሮፕላን ጣቢያ ነው። ከስቶ ነበር። ፊቱ ገብቷል፣ የሸሚዙ አንገት ሁለት ጣት ያስገባል። ሱሪው ግን ልክክ ብሎ ነበር። እኔም ሱሪውን አይቼ ተጽናናሁ፤ «ፊቱ ድካም ነው፣ ገላው ደህና ነው» አልኩና ሄድኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስለ ስኳር ስማር ሥጋ የሚያልቀው መጨረሻ ላይ እንደሆነ ተማርኩ። ያ ሱሪ ልክ ሊሆን አይችልም ነበር። አንድ ሰው አጥብቦለታል።

እርስዎ ነዎት? አዎ ወይም አይደለም ብለው ይመልሱልኝ። ከዚያ በላይ አልጠይቅም፤ ገጹንም አልፈልግም። ለድንቡሼ ግን እስክትመረመር በየወሩ እጽፋለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 12

አጎቴ፣

መልስ የለም። ድንቡሼስ?


ሚያዝያ 14

ለወንድሜ ልጅ፣

ፈጣሪ እጅሽን ያጽና። ይህን ደብዳቤ ስታነቢ ቁጭ በይ።

ደብዳቤዎችሽን የማሽኑ መክደኛ ሥር ነበር የማስቀምጣቸው። ባለፈው ወር ሱቅ ስገባ ድንቡሼ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፣ ወረቀቶቹ በዙሪያዋ። ልቆጣት አፌን ስከፍት የዩኒፎርሟን ጉርድ ገለበጠችና ከፊቴ ዘረጋችው።

«አባዬ፣ እዚህ ጋ እይ» አለችኝ።

አየሁ። ስፌት ስትተረትሪ ክሩ ይወጣል እንጂ መርፌው የበሳው አይደፈንም። በተርታ፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ፣ ሦስት መስመር ቀዳዳ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሰፋ ለደንበኛ ከውጪ እንዳይታይ ነው የምጠነቀቀው። ልብሱን የሚለብሰው ሰው ከውስጥ እንደሚያየው አንድም ቀን አላሰብኩም። ከእኔ ሌላ ማን እንዲህ ይሳሳታል?

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አልኳት።

«ከመጀመሪያው። አንተ ደስ እንዲልህ ዝም አልኩ።» ከዚያ ደግሞ «አባዬ፣ ይጠማኛል እኮ። ሁልጊዜ ነው የሚጠማኝ» አለችኝ።

በማግሥቱ ሱቁን ዘግቼ ወሰድኳት። ሚዛኑ ላይ መጀመሪያ እኔ ወጣሁ፤ ብቻዋን እንዳትቆም። ነርሷ ደሟን አየች። «አፋፉ ላይ ናት፣ አልወደቀችም» አለች። ከዚያ «ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነው የምትበላው?» ብላ ጠየቀች። ከእኔ ጋር፣ አልኳት። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ዳቦ በማርማላታ፣ ለስላሳ ለሁለት፤ ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ። «እንግዲያው እጅዎን ይስጡኝ» አለችና የኔንም ወጋች። እኔ ወድቄያለሁ። ከወደቅሁም ቆይቷል አለች።

ደስ ይበልሽ። አሸነፍሽ። እንዲህ ስል ግን የምወድሽ እንዳይመስልሽ፤ በቀብሩ ቀን ስላጣሁሽ ገና ይቅር አላልኩሽም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት በእግራችን እንሄዳለን፣ እኔና እሷ። መጀመሪያ ቀን ግማሽ መንገድ ላይ የሰው አጥር ይዤ ቆምኩ። «ና እንጂ ሽማግሌው!» ብላ ሳቀችብኝ። ማንም አላስሮጣትም። እኔ ነኝ ከኋላዋ የምንገታገተው። ማርማላታው ላይ አልተስማማንም፤ እስካሁን እንጣላለን።

መልስሽ፦ አዎ።

አራት ጊዜ አጠበብኩለት። «ካውያ ነው» እያልኩ። ሲከሳ አየሁ፤ ከደረቱ በፊት ወገቡ ነው የሚነግረኝ። ባወቀ ይደነግጣል ብዬ፣ ያበዛው ሥራ ነው ብዬ፣ ያልፋል ብዬ። ያስፋሁለት ከፍቅር ነው፤ ያጠበብኩለት ግን ከፍርሃት ነው። አንቺ የያዝሽኝ ስለ ማስፋቱ ሲሆን እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ማጥበቡ ነው። ለዚህ ነበር የደብተሩን ገጽ የከለከልኩሽ። ወገቡ የወረደበትን አራት ቁጥር በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ጥቅል ልኬልሻለሁ። ውስጡ ሆስፒታል ሲገባ የለበሰው ሱሪ ነው። በፌስታል መልሰውልኝ እስከ ዛሬ አልፈታሁትም። ድንቡሼ «አጎቴስ ቀዳዳውን አላየውም ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ገልብጬ ማየት አልቻልኩም። አንቺ እዪው፤ የተማርሽው ለዚህ አይደል? የልክ መውሰጃ ሜትርም ጨምሬበታለሁ። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

አጎትሽ


ግንቦት 20

ለአጎቴ፣

እግርዎ ይጽና፤ ድንቡሼም አትጠብቅዎ፣ ቀድማ ትሂድ።

ሱሪውን ለሦስት ቀን ወንበር ላይ አስቀምጬ ዞርኩት። በአራተኛው ቀን መስኮት አጠገብ ገለበጥኩት።

የእርስዎን መስመሮች አገኘሁ። ያሰፉባቸውን ቆጠርኩ፣ ስድስት ናቸው። ያጠበቡባቸው አራት። ቀጥ ያሉ፣ ደቃቅ፣ በማሽን። ከእነሱ ወደ ውስጥ ግን አንድ ሌላ ስፌት አለ። በእጅ የተሰፋ ነው። መርፌው የሰከረ ይመስል ይወላገዳል። ክሩ ጥቁርና ወፍራም፣ ሰም የተቀባ፤ የአውቶቡስ ወንበር ሲቀደድ አባዬ የሚሰፋበት ክር። ጫፉ ላይ የባቄላ ፍሬ ያህል ቋጠሮ አለ።

አጎቴ፣ ራሱ ነው ያጠበበው። እርስዎ ለአራተኛ ጊዜ ያጠበቡትም ልል ሲሆንበት፣ ሱቅዎ ተመልሶ መምጣት ፈርቶ፣ ምናልባት ከአውቶቡሱ ወንበር ላይ ሆኖ፣ በራሱ እጅ። እርስዎ እንዳያዩ። አውሮፕላን ጣቢያም እኔ እንዳላይ።

ቀዳዳዎቹን ሁሉ አይቷቸዋል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቅ ነበር። «ከሠርጌ ጀምሮ ወገቤ አልተነቃነቀም» ሲለኝ ሆዱን እየመታ፣ እርስዎን ደስ ለማሰኘት ነበር። እርስዎ እሱን፣ እሱ እርስዎን፣ ሁለታችሁ እኔን። ያን ቀን ሱሪውን ጨብጬ ጮህኩበት፤ የጎረቤቴ ሴት በር አንኳኳች። ሙት መስደብ ነውር ነው፤ ሰደብኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ደብቆ ሄደ፣ መደበቁንም አስተምሮኝ ሄደ።

ምክንያቱም፣ ይኸው ርዕሱ። ከትሪው በር ጀርባ የዳቦ መጋዘን አለ። በሽተኞች ሳይነኩት የተመለሰ ኬክና ዳቦ እዚያ ይከማቻል። ቆሜ እበላዋለሁ፣ በሩን በጀርባዬ ይዤ። ሲንኳኳ እውጥና «ቆጠራ ላይ ነኝ» እላለሁ። ከሥራ ወደ ቤት ሁለት ፌርማታ ነው። አውቶቡስ እሳፈራለሁ። ከሾፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። እዚህ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሙሉ በየትኛውም አውቶቡስ ሌላ ወንበር ላይ አልተቀመጥኩም፤ ይህን ያወቅኩት ሱሪውን ካየሁ በኋላ ነው።

ጥናቱን አስገብቻለሁ። አባዬ የለበትም። ስለ አባቶች የሚያወራው ጥናት የመጀመሪያ ገጹ ስለ አንዲት ትሪ ተቆጣጣሪ ነው፤ ስሟ አልተጻፈም፣ ወገቧ ግን ተጽፏል። ይቀበሉኝ አይቀበሉኝ ገና አላውቅም። ዛሬ ከሥራ በእግሬ ተመለስኩ። ዝናብ ነበር፣ ጫማዬ ተበላሸ፤ ነገም በእግሬ ነኝ።

ይቅር አላልኩዎትም። እርስዎም ለቀብሩ ይቅር እንዳላሉኝ አውቃለሁ። ይደር፤ በደብዳቤ መጣላት ተምረናል።

ልኬ እንደሚከተለው ነው። የለካችኝ አብራኝ የምትሠራ ሳህን አጣቢ ናት፤ ሆዴን ስስብ ይዛኝ «ተንፍሺ፣ ማንን ልታታልዪ ነው?» እያለች ሁለት ጊዜ አስተነፈሰችኝ።

ደረት 106። ወገብ 98። ዳሌ 117። ትከሻ 41። የጉርድ ቁመት 62፤ እሱ ብቻ አልዋሸም ነበር።

ጨርቁን ይቁረጡት። ከስፌቱ ውስጥ ምንም ትርፍ ጨርቅ አያስቀሩ፤ ለማስፋትም ለማጥበብም። ቢጠበኝ ጠበበኝ ብዬ እጽፍልዎታለሁ።

የወንድምዎ ልጅ